የመርፌ ትራስ፣ የመቀስ አፎትና ሌሎች የኪሮሽ ማኖሪያዎች፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት (ረቂቅ 3)

ሰብሳቢ፣ ሰኞ ጠዋት
ረቂቅ ሦስት ይኸው። (ለአዲስ አንባቢ፦ ከታች ልቃቂት፣ ወስፌና ቁጥር 20 የተባሉት የአባላት መጠሪያ ናቸው።) ዓላማው ያው ነው። ማኅበሩ እጅ ያሉትን አራቱን የድሮ ዕቃዎች፣ ማለትም የመርፌ ትራሱን፣ የመቀስ አፎቱን፣ የመርፌ ደብተሩንና የጣት ቆብ ማኖሪያውን፣ እንዳሉ አስቀምጠን እነሱን የሚመስሉ 24 ስብስቦች ሠርተን ሁለቱ ቡድኖች በጋራ እናቀርባለን። ሌላው ሰው ሊሠራበት እንዲችል የአሠራር ወረቀቱም አብሮ ይወጣል። ማስገቢያው ዓርብ ማታ ይዘጋል። ባለፈው ጊዜ በቀን ጉዳይ ምን እንደሆንን መድገም አያስፈልግም።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ ጠዋት
ሒሳቡን አስልቻለሁ። በቁጥር 10 ክር ትራሱ 23 ሜትር ይበላል፣ አፎቱ 18፣ የደብተሩ ሽፋን 27፣ የጣት ቆብ ማኖሪያው 5 ተኩል። ለጫፍና ተበላሽቶ ለሚፈታ ስንጨምርበት በስብስብ 80 ሜትር ያዙ። የ50 ግራም ልቃቂት 270 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሦስት ስብስብ ያወጣል። ለ24 ስብስብ 8 ልቃቂት፣ ለናሙና 1፣ በጠቅላላው 9። ከ9 በላይ አልፈርምም። ሁሉም ነጭ ይሁን፣ ከአንድ ማቅለሚያ የወጣ።

ልቃቂት፣ ሰኞ ቀትር
ነጭ ያለው ማነው? የድሮዎቹ ክሬም ናቸው። እነሱን የሚመስል እንሠራለን ብለን ነጭ ካቀረብን አዲስ ዕቃ ሠራን እንጂ ምኑን መሰለ?

ወስፌ፣ ሰኞ ቀትር
ክሬም አይደሉም። ነጭ ነበሩ፣ አርጅተው ነው። ጥጥ በብርሃንና በአየር ይወይባል፤ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙናና ስታርች ደግሞ ያብስበታል። ደብተሩን ገልጣችሁ የታጠፈበትን መስመር እዩት፣ ከሌላው ይጠቁራል። ተነክሮ የተቀለመ ክር በእጥፉ ላይ ብቻ ተለይቶ አይወይብም።

ልቃቂት፣ ሰኞ ከሰዓት
ክሬሙም ቢሆን ያረጃል፣ እጥፉም ይጠቁራል። እጥፉ መጥቆሩ መነሻው ነጭ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ያልነጣ ጥጥ በተፈጥሮው ክሬም ነው፤ ለኪሮሽም ከነጩ ጎን ለጎን ሲሸጥ የኖረ ነው።

ቁጥር 20፣ ሰኞ ከሰዓት
ቀለሙ ላይ ሳንሰነብት አሠራሩን እንያዝ። ትራሱን ጨርሻለሁ፦

ኪሮሽ 1.5 ሚሊ ሜትር። መነሻው ቀለበት ላይ 6 ነጠላ ዓይን (ዓይን የምንለው አንዷን የኪሮሽ ቋጠሮ ነው)፤ ከዚያ በየዙሩ 6 እየጨመሩ 12፣ 18፣ 24 እያሉ እስከ 10ኛው ዙር፣ 60 ዓይን ድረስ። ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የምትጨምሩበትን ቦታ በየዙሩ ማዛወር ግድ ነው፤ እላዩ ላይ ከተደረደረ ክቡ ስድስት ማዕዘን ያወጣል። ጠርዙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ ከተነሣ ጭማሪው አንሷል ወይም እጃችሁ ጠብቋል። እንደ ቀሚስ ጫፍ ከተርገበገበ ደግሞ በዝቷል። ከ10ኛው ዙር በኋላ ሳትጨምሩ 8 ዙር ለግድግዳው። ሁለተኛው ክብ ለብቻው ተሠርቶ፣ ውስጡ ከገባ በኋላ ይገጠማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከድሮ ወረቀት የምትሠሩ ወረቀቱ የእንግሊዝ ይሁን የአሜሪካ አረጋግጡ። እንግሊዞቹ «ድርብ» የሚሉት አሜሪካኖቹ «ነጠላ» የሚሉትን ነው። ያኛው ቡድን የላከው የጣት ቆብ ናሙና ቁመቱ እጥፍ የወጣው በዚህ ነው፣ በክሩ ውፍረት አይደለም።

የአፎቱን አሠራር እስከ ረቡዕ እጽፋለሁ።

ሰብሳቢ፣ ሰኞ ማታ
ተባረኪ። አፎቱ በአንቺ ስም ተይዟል። ቀለሙስ ምን ይሁን?

እታለም፣ ሰኞ ማታ
ልጆቼ፣ መልሱ ያለው ከትራሱ ውስጥ ነው። ክቡና ግድግዳው የተያያዙበትን ስፌት በመርፌ ጫፍ ፈልቀቅ አድርጎ ብርሃን ያላገኘውን ክር ማየት ነው። ውስጡ ከውጪው በግልጽ ከነጣ፣ ወይቧል ማለት ነው። ውስጡም ውጪውም እኩል ከሆነ ክሬም ተብሎ የተሠራ ነው። ቀን ቀን፣ በመስኮት ብርሃን ይታይ፤ የአምፑል ብርሃን ሁሉን ያቢጫል።

ወስፌ፣ ሰኞ ማታ
እታለም፣ በአክብሮት፣ ዋናውን ዕቃ መፈልቀቅ አይሆንም። ያረጀ የጥጥ ክር ታጥፎ በኖረበት ይሰነጠቃል። አንድ ዓይን ከተበጠሰ ዙሩ ሁሉ ይከተላል። «እንዳሉ አስቀምጠን» ያልነው ምኑ ላይ ነው?

እታለም፣ ሰኞ ማታ
ክሩን ሳብ አላልኩም። ፈልቀቅ አልኩ።

አዲስ አባል፣ ማክሰኞ ጠዋት
ዕቃዎቹን እኔ ነኝ የያዝኳቸው። ዛሬ በቀን ብርሃን አይቼ እነግራችኋለሁ። ካልሆነም ነጭ ገዝተን ግማሹን ሻይ ውስጥ ብንነክረው ክሬም ይሆናል፤ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ወስፌ፣ ማክሰኞ ጠዋት
ሻይ በፍጹም! ለጠረጴዛ ልብስ ቢሆን ዝም ባልኩ፣ ይኼ ግን ብረት የሚኖርበት ዕቃ ነው። ሻይ ውስጥ ታኒን አለ፤ ታኒን ከብረት ጋር እርጥበት ሲያገኛቸው ይጠቁራል። በድሮ ዘመን የጽሕፈት ቀለም ይሠራ የነበረው ታኒንና የብረት ጨው ተቀላቅሎ ነው። ሻይ የጠጣ ትራስ ላይ መርፌ ሰክታችሁ አንድ ዝናብ ይለፍባችሁ፣ በየቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ነጥብ ታገኛላችሁ። አይለቅም። በረኪና ብታደርጉበት ደግሞ ክሩን ያደክመዋል።

ልቃቂት፣ ማክሰኞ ጠዋት
ሻዩ ላይ ከወስፌ ጋር ነኝ። ክሬሙን ክሬም ሆኖ የመጣውን እንግዛ። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ክሬም፣ 12 ለ12።

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ ቀትር
12 ስብስብ 4 ልቃቂት ነው። 4 ነጭ፣ 4 ክሬም፣ ለየቀለሙ አንድ አንድ ናሙና፣ 10 ሆነ። ከ9 አለፈ።

ልቃቂት፣ ማክሰኞ ቀትር
ለአንዲት ልቃቂት?

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ ቀትር
ዘጠኝ ተብሎ ተወስኗል። ባለፈው «አንዲት ብቻ» እየተባለ የት እንደደረስን ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

ልቃቂት፣ ማክሰኞ ከሰዓት
እንግዲያው ይቅር። የማይመስል ነገር «የድሮ» ብላችሁ ስታቀርቡ እኔ እጄን አላስገባም። የደብተሩንም ሽፋን ሌላ ሰው ይሥራው።

ወስፌ፣ ማክሰኞ ከሰዓት
ነጭ ስንል እኮ ዛሬ እንደ ወተት የሚያበራውን ነጭ ማለታችን አይደለም። ደግሞ ቀለሙ ላይ ስንጣላ አንጸባራቂነቱን ማንም አላነሣም። አንጸባራቂው ክር የመጣው በኮስቲክ ሶዳ ተነክሮ ሲሠራ ነው። ጆን መርሰር ዘዴውን በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1850 ቢሆንም፣ ክሩ እንደተወጠረ ሲነከር እንደሚያበራ የታወቀው በ1890 ገደማ ነው። የእኛዎቹ ደብዛዛ ናቸው። በእኔ በኩል ደብዛዛ ክር ከተገዛ ነጩም ክሬሙም ለዓይን ይቀርባል፤ የሚያብረቀርቅ ክሬም ከገዛን ግን ቀለሙ ልክ ሆኖም አይመስልም።

ሰብሳቢ፣ ማክሰኞ ማታ
ደብዛዛ ክር ብዬ ረቂቁ ላይ አስገብቻለሁ። አዲስ አባል፣ ያየሽው ምን ሆነ?

እታለም፣ ረቡዕ ጠዋት
እስኪመለስልን የትራሱን ውስጥ ልንገራችሁ፣ እሱም ረቂቁ ላይ የለም። መሙያው በቀጥታ ኪሮሹ ውስጥ አይገባም፣ በዓይኖቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል። ጠበቅ ካለ የጥጥ ጨርቅ ከረጢት ይሰፋና እሱ ይሞላል። ሽፋኑም ለመታጠብ የሚወልቀው ያኔ ነው። ክቦቹ 7 ሴንቲ ሜትር ይቆረጡ፤ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር በየዳሩ ስፌት ይወስዳል። ለግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጨርቅ ይጨመርበታል፤ ከነስፌቱ 4 ያህል ቁረጡት።

መሙያው የበግ ፀጉር ይሁን። በደንብ ያልታጠበው ቅባቱን ስለሚይዝ መርፌ አያዝግም። የጥጥ ባዘቶ አይሁን፤ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፣ በወሩም ተጨፍልቆ ድንጋይ ይሆናል። የእንጨት ብናኝ ክብደት ይሰጣል፣ ግን ሙጫ ካለው እንጨት የመጣው ጨርቁን ያቆሽሻል። የብረት ሱፍ መርፌ ይስላል የሚሉ አሉ፤ እርጥበት ሲነካው እሱ ራሱ ዝጎ መርፌውን ያዝጋል። መርፌ መሳያ ከተፈለገ የኤመሪ ዱቄት (ብረት የሚስል ጠንካራ የድንጋይ ዱቄት) በሌላ ትንሽ ከረጢት ሞልቶ ከጎን ማንጠልጠል ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጎ ማውጣት እንጂ መርፌውን እዚያው ማሳደር አይገባም፤ ሽፋኑን ይልጠዋል።

ከሞላ በኋላ በአውራ ጣት ሲጫን እምብዛም የማይጎደጉድ መሆን አለበት። የላላ ትራስ መርፌ ይውጣል፣ ወጥቶ እጅ የሚወጋውም ያ የተዋጠው ነው።

ልቃቂት፣ ረቡዕ ቀትር
የእታለም ይግባ፣ ቃል በቃል። የደብተሩን ሽፋን እሠራለሁ፤ ትናንት ተናድጄ ነው። 45 ዓይን በ30 መስመር፣ 12 በ8 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ውስጡ ሁለት የሱፍ ጨርቅ፣ 11 በ7፣ መሐሉ ላይ ተሰፍቶ አራት ቅጠል ይሆናል። ጫፉ ካልተዘመዘመ ይተረተራል። የመርፌው ዓይን ከቅጠሉ ጠርዝ መውጣት የለበትም፣ ኪሮሹን ይዞ ይጎትተዋል። ቀለሙ ግን አሁንም ክሬም ነው የምለው።

ሰብሳቢ፣ ረቡዕ ማታ
ቁጥር 20፣ አፎቱ የታለ? አዲስ አባል፣ ስልክሽም አይነሣም።

ወስፌ፣ ሐሙስ ጠዋት
አፎቱን ለሚጽፍ ሰው፦ ዋናው ችግር ጫፉ ነው። የጥልፍ መቀስ ጫፉ መርፌ ነው፤ ቁጥር 10 ክር ምንም ቢጠብቅ በዓይኖቹ መካከል አልፎ ይወጣል። ከጫፉ በ3 ዓይን ተጀምሮ በየሁለተኛው መስመር ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ እየተጨመረ፣ የመቀሱ ምላጮች የሚገናኙበት ቦታ ሲደርስ ከስፋቱ 2 ዓይን በላይ ሆኖ ይቆማል። ሁለት እንዲህ ያለ ገጽ ይያያዛል። ውስጡ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ ከኪሮሹ በየዳሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አንሶ ተቆርጦ፣ ጫፉ ላይ እጥፍ ተደርጎ ይገባል። ቆዳ አይግባ። ቆዳ የሚለፋበት ታኒንም ያው ታኒን ነው፤ መቀሱን ሲያሳድሩበት ያዝገዋል። ይህን ወረቀት የማደርሰው እኔ አይደለሁም፣ ገበሩን (የውስጡን ጨርቅ) የሚሰፋም የለም። 24 ገበር የአንድ ሰው ሥራ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ ቀትር
አፎቱ ቢወጣስ? የቀሩት ሦስቱ 55 ተኩል ሜትር፣ ከጫፍ ጋር 60። አንድ ልቃቂት አራት ስብስብ ያወጣል። 12 ነጭ በ3 ልቃቂት፣ 12 ክሬም በ3፣ ናሙና 2፣ በጠቅላላው 8። አንድ ይተርፋል። ሁለት ቀለም ካላችሁ እንግዲህ በዚህ እፈርማለሁ።

ልቃቂት፣ ሐሙስ ከሰዓት
ተስማምቻለሁ። የተረፈችው ልቃቂት ለማነጻጸሪያ ሰሌዳ ትሁን። ናሙናው እያንዳንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ክብ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ክሬም፣ አንዱ ነጭ ሆኖ መስኮት ላይ ፀሐይ የመታው። ሰው ራሱ አይቶ ይፍረድ።

እታለም፣ ሐሙስ ከሰዓት
የመቀሱ አፎት እኮ ከአራቱ ሁሉ ማንም ሠርቶ የማያውቀው እሱ ነበር። የጣት ቆብ ማኖሪያውን ማንም በአንድ ማታ ይጨርሰዋል፤ 6፣ 12፣ 18፣ 24 ዓይን፣ ከዚያ 9 ዙር ቀጥ ብሎ። አፎቱን አውጥተን ሰሌዳ አስገባን?

ወስፌ፣ ሐሙስ ማታ
እኔም እዚያው ላይ ነኝ፣ እታለም። ገበሩን የሚሰፋ አንድ ሰው ከመጣ እቆርጥለታለሁ፤ መስፋቱን ግን አልችልም። ሰሌዳው ላይ ደግሞ ፀሐይ የመታው ነጭ በሳምንት ውስጥ እንደ ድሮው አይወይብም። «ያረጀ» ተብሎ እንዳይጻፍበት።

ልቃቂት፣ ሐሙስ ማታ
«ፀሐይ የመታው» ነው የሚጻፈው። ያልኩትም እሱን ነው።

ሰብሳቢ፣ ዓርብ ጠዋት
የሚገባው ጽሑፍ ይኸው፦ ርእሱ «የኪሮሽ የስፌት ዕቃ ማኖሪያዎች በሁለት ቀለም»። 24 ስብስብ፣ ሦስት ሦስት ዕቃ፣ 12 ነጭ፣ 12 ክሬም፣ ደብዛዛ ክር ቁጥር 10፣ ኪሮሽ 1.5፣ ልቃቂት 8፤ አንድ ማነጻጸሪያ ሰሌዳ በ9ኛው ልቃቂት። የአሠራር ወረቀት የሚወጣው ለትራሱና ለደብተሩ ብቻ ነው፣ የተጻፉት እነሱ ስለሆኑ። አፎቱ «በቀጣይ» ተብሏል፤ የወስፌ ማስታወሻ እንዳለ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ አስገባለሁ፣ የምትሉት ካለ እስከ 9 ሰዓት።

ገንዘብ ያዥ፣ ዓርብ ቀትር
ፈርሜያለሁ።

እታለም፣ ዓርብ ቀትር
የጣት ቆብ ማኖሪያውም ወረቀት ይግባ፣ ሁለት መስመር ነው፤ ትናንት ጽፌላችኋለሁ።

አዲስ አባል፣ ዓርብ 10 ሰዓት
ይቅርታ ዘገየሁ። ትራሱን በመስኮት ብርሃን አየሁት። ክቡና ግድግዳው የተያያዙበት ላይ አንድ ቦታ ራሱ ላልቶ ነበር፣ አልፈለቀቅኩትም። ከታች በኩል ክሩ ከውጪው ይነጣል፤ ከላይ በኩል ግን ያው ነው። የላይኛው ክብ ከሌላ ልቃቂት የተሠራ ይመስላል።

ልቃቂት፣ ዓርብ 10 ሰዓት ተኩል
ከላይ ያልሽው የቱ ነው፣ መርፌ የሚሰካበት ነው ወይስ መቀመጫው?