ከጥሬ ሳንባ በቀር የማትበላ ድመት፦ ሁዳዴ ሳይገባ ሌላ ምግብ እንዴት ላስለምዳት?

ጠያቂ (የአራት ኪሎ ነዋሪ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በጋራ መኖሪያ ቤት የምኖር ስሆን፣ ከግልገልነቷ ጀምሬ ያሳደግኋት፣ አሁን አራተኛ ዓመቷን የያዘች ሴት ድመት አለችኝ። ይህች ድመት ከሰፈራችን ልኳንዳ ቤት ከሚመጣላት ጥሬ የበሬ ሳንባ በቀር የምትቀምሰው ነገር የለም። የተቀቀለ ሥጋ ሲቀርብላት አሽትታ ትሄዳለች፤ ከሱፐርማርኬት የገዛሁላትን ደረቅ የድመት ምግብ ደግሞ በፊት እግሯ ዙሪያውን ወለሉን እየጫረች ልትቀብረው ትሞክራለች።

እስካሁን ረቡዕና ዓርብ ልኳንዳው ሲዘጋ ከዋዜማው ገዝቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ በማሳደር አልፌዋለሁ። ከቅበላ በኋላ ግን ለ55 ቀን ስለሚዘጋ ይህ አያዛልቅም። ጎረቤቶቼ «ሁለት ሦስት ቀን ብታስርቢያት ያገኘችውን ትበላለች» ይሉኛል፤ እኔ ግን ይህን ለማድረግ አንጀቴ አልቻለም። ሳትራብና ሳትጎዳ ሌላ ምግብ እንድትቀበል የሚደረግበትን መንገድ የምታውቁ ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)

እህቴ፣ እንኳንም አላስራቧት። ድመት ለተከታታይ ቀናት ሳትበላ ስትቀር ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ ወደ ጉበቷ ይልከዋል፤ ጉበቷ ግን ያን ያህል ስብ ባንድ ጊዜ የማስተናገድ አቅም ስለሌለው በስብ ይሞላና ሥራውን ያቆማል፤ ይህም ካልታከመ ይገድላታል። አደጋው በወፍራም ድመቶች ላይ ይብሳል። «ሲርባት ትበላለች» የሚለው ምክር ለብዙ ውሾች ይሠራ ይሆናል፤ ለድመት ግን አይሠራም። ስለዚህ ለውጥ በሚሞክሩበት ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ወደ ለመደችው ምግብ ይመልሷትና ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይጀምሩ።

ድመት ምግቧን የምትለየው በጠረኑ፣ በሙቀቱና ጥርሷ ሥር በሚሰጣት ስሜት ነው። የእርስዎ ድመት የለመደችው ጥሬና ለስላሳ ነገር ሲሆን፣ የቀረበላት ደግሞ የበሰለ፣ ጠንከር ያለና ጠረኑም ሌላ የሆነ ነገር ነው። እኔ የምመክረው እነዚህ ለውጦች አንድ ላይ እንዳይመጡባት ነው። መጀመሪያ ሳንባው ያው ሆኖ አበሳሰሉ ብቻ ይለወጥ፦ አድቅቀው ከከተፉት በኋላ በፈላ ውኃ ነከር አድርገው ያውጡት፤ ይህን ያለ ችግር መብላት ስትጀምር ውኃው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ በየሁለት ሦስት ቀኑ እየጨመሩ ሙሉ በሙሉ እስከሚበስል ያድርሱት። የሥጋው ዓይነት የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለዘጠኝ እጅ ሳንባ አንድ እጅ የተቀቀለ የዶሮ ጭን ወይም የበሬ ልብ ቀላቅለው ይጀምሩና መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ምግብ እምብዛም ጠረን ስለማይሰጥ ሁልጊዜ ለብ አድርገው ያቅርቡላት፤ 38 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ገና የተያዘች አይጥ ያላት ሙቀት ቢሆን ይመረጣል።

ሁዳዴ ባይመጣ እንኳ ይህ ለውጥ ያስፈልጋት ነበር፤ ሳንባ ብቻውን ለድመት በቂ አይደለምና። አጥንት የሌለው ሥጋ ሁሉ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ የጎደለውን ካልሲየም ሰውነቷ ከገዛ አጥንቷ እየሸረሸረ ይወስደዋል። በቤት የሚዘጋጅ ምግብ ከሆነ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ታጥቦ፣ ደርቆ እንደ ዱቄት የላመ የእንቁላል ቅርፊት ይጨምሩበት። ሌላው ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ድመት ራሷ በበቂ መጠን ልትሠራው ስለማትችል የግድ ከምግቧ ማግኘት አለባት። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የታውሪን እጥረት የድመትን የልብ ጡንቻ እንደሚያደክም፣ ታውሪን ሲሰጣትም ልቧ ሊያገግም እንደሚችል አሳይቷል። ልብና የዶሮ ጭን በዚህ ንጥረ ነገር የበለጸጉ ናቸው፤ ሲቀቀሉ ግን ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን ሳይደፉ ከምግቡ ጋር ይስጧት።

መልስ (ከፒያሳ)

ሐኪሙ ከተናገሩት ላይ የጾሙን ወቅት በሚመለከት ጥቂት ልጨምር። በሁዳዴ ልኳንዳ ሁሉ አይዘጋም፤ የሙስሊም ልኳንዳዎች ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ መርካቶ ድረስ ብቅ ቢሉ ሳንባም ልብም ያገኛሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ገዝቶ፣ በየቀኑ ድርሻ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ዓሣም በጾም ወራት እንደ ልብ የሚገኝ ነገር ነው። ቆሮሶ ገዝተው ያለ ጨው ቀቅለው፣ እሾኹን በጣትዎ እየዳበሱ አንድ በአንድ ለቅመው ይስጧት፤ በጥሬው ግን አይሁን፣ አንዳንድ ዓሦች ጥሬ ሲሆኑ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አላቸውና።

ደረቁን ምግብም ተስፋ አይቁረጡበት። የእኔ ድመት የተቀበለው በዱቄት መልክ ነው፦ ፍሬውን በሙቀጫ አድቅቄ በሚወደው ሥጋ ላይ በጣም ጥቂት እነሰንስ ነበር፤ ጠረኑን ከለመደው በኋላ ፍሬውን በሞቀ መረቅ እያራስኩ ሰጠሁት፣ አሁን ደረቁንም ይበላል።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር፣ ሥጋ ጠፋ ተብሎ የሽሮ ፍትፍት እንዳይሰጣት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ የቤታችን ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሳንባውን ስከትፍ ውስጡ ነጣ ያለ፣ ውኃ የቋጠረ፣ የእንቁላል መጠን ያለው ከረጢት አገኘሁበት። የግቢያችን ጥበቃ ድመቷ የማትበላውን ለውሻቸው እንድሰጣቸው ይጠይቁኛል። ብሰጣቸው ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)

ፈጽሞ አይስጧቸው፤ ምክንያቱንም በትሕትና ያስረዷቸው። ያዩት ከረጢት የውሻ ኮሶ ትል እጭ የያዘ ሊሆን ይችላል። ውሻው ጥሬውን ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ይህንኑ የመሰለ ከረጢት ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ድመት ለዚህ ትል እንደ ውሻ ምቹ ባትሆንም ይህን ሳንባ ለእርሷም አይስጧት። ከረጢቱን ሳያፈነዱ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ቀቅለው ይጣሉት፣ ቢላዋውንና መክተፊያውንም በፈላ ውኃ ይጠቡ። በጥሬ የመመገቡን ነገር ቶሎ ለመተው ይህ ራሱ በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ምግቧን መለወጥ ሲጀምሩ በየሳምንቱ ይመዝኗት። ታቅፈዋት በሰው ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ ቀጥሎም ብቻዎን ቆመው ልዩነቱን ያስሉ። 4 ኪሎ የነበረች ድመት ወደ 3.6 ኪሎ ከወረደች ለውጡን አቁመው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ክሊኒክ ይውሰዷት።