ክርክር፦ ርካሽ ጠፍጣፋ ፔዳል ስንገዛ ግራም እንቁጠር ወይስ ፒን?

አቧራማው፦
ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ክርክሩ ግን እንደሚረዝም ይገባኛል። የተራራ ሳይክሌ ላይ ያሉት ፔዳሎች አብረውት የመጡት ናቸው። ፕላስቲክ ናቸው፣ ፒን (ጫማ የሚነክሱት ትናንሽ እሾሆች) የላቸውም፣ ዳር ዳሩን የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ነገር ብቻ አላቸው። ባለፈው ሳምንት እርጥብ የዛፍ ሥር ላይ ቆሜ ስረግጥ እግሬ ሾለከ፣ ፔዳሉ ዞረና ቅልጥሜን አገኘው። ደሙ ካልሲዬ ውስጥ ሲገባ ነው የነቃሁት። ስለዚህ ልቀይራቸው ነው። ጫማ የሚቆልፈውን ዓይነት አልፈልግም። ጠፍጣፋ፣ ቀላል፣ ኪስ የማይጎዳ ይሁን። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ይኸውላችሁ፦ ጥንዱ ከ350 ግራም ካለፈ አልነካውም። ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?

ግራም ቆጣሪው፦
ልክ ነህ፤ እንዲያውም ለጋስ ነህ። ፔዳል ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፣ የሚዞር ነው። በደቂቃ 80 ጊዜ ብታዞር በሁለት ሰዓት 9,600 ዙር ይሆናል። ያን ሁሉ ዙር ትርፍ 100 ግራም ተሸክመህ አስበው። ሰው ሳይክሉን ለማቅለል የካርቦን መሪ ይገዛል፣ የካርቦን ኮርቻ ይገዛል። ፔዳል ግን በትንሽ ገንዘብ ብዙ ግራም የምትጥልበት ቦታ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

ካቴና፦
ይቺ የዙር ነገር ሁልጊዜ ትነሳለች። ወንድሜ፣ ያለህ ሁለት ፔዳል ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ የሚወርደው የሚወጣውን ያግዘዋል። ሌላም አለ። ፔዳሉ የታሰረበት ክንድ 170 ሚሊ ሜትር ከሆነና በደቂቃ 80 ጊዜ ካዞርክ ፔዳልህ የሚሄደው በሰከንድ 1.4 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ጎማህ ዙሪያው ላይ በሰከንድ 5.6 ሜትር ይዞራል። ግራም መቁጠር ካማረህ ጎማው ላይ ቁጠር።

ዳገት ላይ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንተና ሳይክልህ አንድ ላይ 90 ኪሎ ናችሁ እንበል። 100 ግራም ከዚያ ላይ ከሺህ አንድ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የአንድ ሰዓት ዳገት ላይ የሚያተርፍልህ አራት ሰከንድ ነው። አራት! ጫፍ ላይ ደርሰህ አፍንጫህን ስትጠርግ ያልፋል።

ግራም ቆጣሪው፦
አራት ሰከንድ ከፔዳል፣ አራት ከኮርቻ፣ አሥር ከጎማ። እንዲህ እየተባለ ነው ሳይክል የሚቀለው። አንተ እያንዳንዱን ለብቻው እያነሳህ ትስቅበታለህ።

ካቴና፦
አልስቅም፤ ከየትኛው ልጀምር ነው የምለው። የግማሽ ሊትር የውሃ ኮዳህ ግማሽ ኪሎ ነው። አንድ ጊዜ ጠጣለት።

ጋሽ ኩሽኔታ፦
ልጆች፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ክብደቱ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት ክብደቱ ከየት ተቀነሰ በሉ። ፔዳል ማለት ገላው፣ ፐርኖው (መሃሉ ላይ ያለው ዘንግ)፣ ኩሽኔታው ወይም ቡሹ (ኳስ የሌለው፣ ፐርኖው የሚዞርበት ቀለበት)፣ ከዚያ ፒኖቹ ነው። ውድ ፔዳል የሚቀለው ገላው ማግኒዥየም ስለሆነ ወይም ፐርኖው ቲታኒየም ስለሆነ ነው። ርካሽ ሆኖ በጣም የቀለለ ግን የሆነ ቦታ ላይ ጎድሎበታል። ከገላው ከጎደለ ግድ የለም። ከፐርኖው ከጎደለ ግን አንድ ቀን ዘለህ ስታርፍ ሒሳቡን ትከፍላለህ።

ቅርብ ጊዜ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ይወዛወዛል» ብሎ አመጣልኝ። ስም የሌለው ዕቃ ነው፣ ጥንዱ 290 ግራም። ጫፉ ላይ ያለውን ክዳን አወጣሁ፣ ዳዶዋን ፈታሁ፣ ፐርኖውን መዘዝኩት። ጫፉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል አንዲት ኩሽኔታ፣ ከውስጥ በኩል ቡሽ። ግራሶ የሚባል ነገር የለም። በግራሶ ፈንታ ቡናማ ዱቄት። ቡሹ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፐርኖው ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ጥፍሬን ሳስኬድበት ጥፍሬ ያዘው። ልጁ የነዳው አራት ወር ነው። ሁለት ግራም ግራሶ አድርገውበት ቢሆን ኖሮ 292 ግራም ሆኖ ዓመት ይቆይ ነበር።

ኪት ቦንትሬገር የሚባለው አሜሪካዊ ሳይክል ሠሪ «ጠንካራ፣ ቀላል፣ ርካሽ፤ ሁለቱን ምረጥ» ብሏል ይባላል። አንተ ሦስቱንም ነው የጠየቅከው።

ባለጠባሳዋ፦
ጋሼ ከይቅርታ ጋር፣ ያ አባባል ለፔዳል ድሮ ነበር የሚሠራው። ናይሎን አበላሸው። እኔ የምነዳበት ሬስ ፌስ ቸስተር ገላው ናይሎን ነው፣ ፐርኖው ብረት ነው፣ ፒኖቹ ብረት ናቸው። ጥንዱ ከ340 እስከ 360 ግራም ባለው ውስጥ ነው። ዋጋው ከጥሩ አሉሚኒየም በጣም ያንሳል። ድንጋይ ላይ ደግሞ ናይሎን ይንሸራተታል። አሉሚኒየም ድንጋዩን ይነክሰውና ያስቆምሃል፤ ናይሎን ፍቅ ብሎ ያልፋል። ሁለት ዓመት ድንጋይ ሲልሰው ኖሮ ጠርዙ ፀጉር አብቅሏል፣ ግን አልተሰበረም።

ፀጉር ስል የምሬን ነው፤ ሲፋቅ ትናንሽ ክር ያወጣል። በምላጭ ተላጭቶ ይስተካከላል።

ቁልቁለት ብቻ፦
እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። ናይሎን ላይ ፒን ሲነቀል ጥርሱን ይዞት ይሄዳል። ሁለት ፒን እንደዚያ ሄዶብኛል። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ብታስር አይዝም። አሉሚኒየም ቢያንስ ብሎን አጥብቆ ይይዛል። ደግሞ ናይሎን ቀላል ነው የሚባለው ወሬ ነው። ዋንአፕ የሚባለው ኩባንያ አንድ ዓይነት ፔዳል በናይሎንም በአሉሚኒየምም ይሠራል፤ የክብደታቸው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሉሚኒየሙ ቀጭን ሆኖ ይወጣል፤ ናይሎን ጥንካሬ ለማግኘት ወፈር ማለት አለበት። የወፈረ ፔዳል ደግሞ ድንጋይ ይፈልጋል።

ባለጠባሳዋ፦
ፒኑ ከየት በኩል ነው የሚገባው? ዋናው እሱ ነው። ከላይ የሚታሰረው ዓይነት ከሆነ ጭንቅላቱ ድንጋይ ሲመታው ይደፈጠጣል፣ ቁልፍ አይገባበትም፣ በፒንሳ እየጎተትክ ትገነጥለዋለህ። ከጀርባ በኩል ገብቶ የሚያልፈውን ምረጥ። ጫፉ ቢጣመምም ጭንቅላቱ ደህና ስለሆነ በቁልፍ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ዳዶ አለው፤ ናይሎን ላይ ይሄ በጣም ይጠቅማል፣ ጥርሱ ያለው ብረቱ ላይ ነዋ።

አቧራማው፦
ቆይ ቆይ። እኔ ስለ ግራም ጠይቄ እናንተ ስለ ብሎን። ፒን ይሄን ያህል ለውጥ አለው?

ባለጠባሳዋ፦
እግርህን ያሾለከው ክብደት ነበር እንዴ?

ቁልቁለት ብቻ፦
በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። በየጎኑ ስምንት እስከ አሥር የብረት ፒን ይኑረው። አብሮ የተቀረጸ የፕላስቲክ እሾህ ፒን አይባልም፤ ወር ሳይሞላው ይላሳል። መሃሉ ትንሽ ጎድጎድ ቢል ደግሞ ጥሩ ነው፣ እግር ይገባበታል። ጎድጎድ ካላለ መሃል ያሉትን ፒኖች ፍታቸው፤ ዳር ያሉት ብቻ ይቀሩና ጫማው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በነፃ ነው። ሁለት ግራምም ትቀንሳለህ፣ ግራም ቆጣሪው ደስ ይበለው።

ግራም ቆጣሪው፦
ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ የተሸወድኩበት ነው። ማስታወቂያው «180 ግራም» ይላል። በደስታ አዘዝኩ። መጥቶ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ጥንዱ 364! የተጻፈው የአንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለት ግራም ተሸርፎለት። ስለዚህ አቧራማው፣ ሕግህን ብትጠብቅም ባትጠብቅም ቁጥሩ የአንድ ነው ወይስ የጥንድ ብለህ ጠይቅ።

ሌላው፣ በእጅህ አሽከርክረው። ጥሩ ኩሽኔታ ያለው ለረጅም ጊዜ ይዞራል።

ጋሽ ኩሽኔታ፦
እዚህ ላይ ተሳስተሃል ልጄ። አዲስ ፔዳል በጣት ገፍተኸው እንደ መዝናኛ መጫወቻ ሲሽከረከር ካየህ ተጠራጠር። ወይ ግራሶ የለውም፣ ወይ አቧራና ውሃ የሚከለክለው ጎማ የለውም። የታሸገና ግራሶ የጠገበ ፔዳል ትንሽ ከበድ ብሎ ነው የሚዞረው። እግር ሲያርፍበት ያ ልዩነት ምንም ነው። እንዲያውም ጠቃሚ ነው፤ እግርህን አንስተህ ስትመልስ ባለበት ቆሞ ይጠብቅሃል። እንደ ቁንጫ የሚገለባበጠው ግን በጠርዙ ይቀበልሃል።

ከማሽከርከር ይልቅ ጫፉን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ኳ ካለ መልሰው።

ካቴና፦
ቡሽ ይሻላል ኩሽኔታ ጋሼ? እዚህም ሰው ይጣላል።

ጋሽ ኩሽኔታ፦
በርካሽ ዕቃ ከሁለቱ የሚፈታና መለዋወጫ የሚገኝለት ይሻላል። ሁሉም አንድ ቀን ያልቃል። ጫፉ ላይ ክዳን ከሌለው፣ ማለትም ደፍነው ከሠሩት፣ መጣያ ነው የተገዛው።

ሰከን በሉ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ለምን ቆላፊውን አይገዛም? እግር አይሾልክም፣ ነገር አለቀ።

ቁልቁለት ብቻ፦
አልፈልግም ብሏል እኮ። ጠፍጣፋ የጀማሪ ነው ልትል ከሆነ ደግሞ አውስትራሊያዊውን ተወዳዳሪ ሳም ሂልን አስታውስ። በ2017፣ በ2018 እና በ2019 የኢንዱሮ (ቁልቁለቱ ብቻ በሰዓት የሚለካበት የተራራ ሳይክል ውድድር) የዓለም ሲሪስን አጠቃላይ ውጤት ያሸነፈው በጠፍጣፋ ፔዳል ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ በቆላፊ ነበሩ። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ካቴና፦
እኔ ደግሞ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ጫማው። አቧራማው፣ ምን አድርገህ ነው የምትነዳው?

አቧራማው፦
የሩጫ ጫማ።

ካቴና፦
ይኸው! የሩጫ ጫማ ሶሉ ወፍራም ስፖንጅ ነው፣ ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ሥሩ ደግሞ ቦይ ቦይ። ፒኑ ቦዩ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ነገር የለም። ጠፍጣፋና ልስልስ ያለ ጎማ ሶል ያስፈልግሃል። ለፔዳል የያዝከውን ገንዘብ ለሁለት ክፈለው፤ ናይሎን ፔዳል ግዛና የተረፈውን ጫማው ላይ ጨምር። በነገራችን ላይ ጫማህ ውሃ ሲጠጣ ስንት ግራም እንደሚጨምር መዝነህ ታውቃለህ? ስለ 350 ግራም የምናወራው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል።

ባለጠባሳዋ፦
የእግርህ ቁጥርስ ስንት ነው? ትልቅ እግር በትንሽ ፔዳል ላይ ውስጥ እግር ያማል። ክራንክብራዘርስ ስታምፕ 1 የሚባለው ናይሎን በሁለት መጠን ነው የሚመጣው። ትንሹ ከ37 እስከ 43 ቁጥር፣ ትልቁ ከ43 እስከ 49። ትንሹ 300 ግራም ገደማ ነው፣ ትልቁ 40 ግራም ያህል ይጨምራል። ግራም አሳስቦህ እግርህ 45 ሆኖ ትንሹን ብትገዛ ምን ይባላል?

አቧራማው፦
44 ነኝ። እሺ፣ እየተሸነፍኩ ነው።

ግራም ቆጣሪው፦
አትቸኩል! ማንም ቢሆን 530 ግራም የሚመዝን ፔዳል ግዛ አላለህም። ሺማኖ ጂአር500 እዚያ አካባቢ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ እሺ፣ ግን እኔ አልሸከመውም።

ጋሽ ኩሽኔታ፦
አሥር ዓመት የሚያገለግል ነገር ብሸከም አይከፋኝም። ለማንኛውም ስትገጥመው ተጠንቀቅ። የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ነው የሚገባው፤ የግራው ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱም ወደ ፊት ሲዞሩ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ ይፈታሉ። ፐርኖው ላይ ግራና ቀኝ ተጽፎበታል፣ ተመልከት። ጥርሱን ግራሶ ቀባው። መጀመሪያ በጣትህ ብቻ ሦስት አራት ዙር ይግባ። እንቢ ካለህ ቁልፍ አታምጣ፤ አውጥተህ እንደገና ጀምር። የአሉሚኒየም ክንድ ጥርሱ ሲበላ ክንዱን በሙሉ ነው የምትቀይረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አቧራማው፦
እሺ ጋሼ። አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። ክርክሩን እያነበብኩ አሮጌዎቹን ፈታኋቸው። የግራው አንገቴን አስደፋኝ፤ በተገላቢጦሽ መሆኑን የነገሩኝ በጊዜው ነው። ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው።

312 ግራም። ጥንዱ።

ካቴና፦
ሃሃሃ! ሕግህን ያሟላው ፔዳል ነው ቅልጥምህን የበላው!

አቧራማው፦
አትሳቅብኝ። ሕጉ ተሰርዟል። ናይሎን፣ ትልቁ መጠን፣ ከጀርባ የሚገባ የብረት ፒን፣ ጫፉ የሚከፈት። 370 ቢሆንም እወስደዋለሁ። ትርፍ ፒንም አብሬ እገዛለሁ።

ግራም ቆጣሪው፦
400 ካለፈ ግን አትንገረኝ።

ባለጠባሳዋ፦
ጥሩ አድርገሃል። ግን የብረት ፒን ቅልጥም ላይ ሲያርፍ እንደ ፕላስቲክ ጥርስ አይደለም። ስሜ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅልጥም መከላከያ አድርግ።

አቧራማው፦
እሱስ ስንት ግራም ነው?