ለስቴት ሃውስ የሚወዳደረው ሰውዬ መጀመሪያ የቱን ይያዝ፣ ታክሱን ወይስ ዴይኬሩን?

የወርዚንግተን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሀሳባችሁን ፈልጌ ነው። እዚህ ወርዚንግተን፣ ሚኒሶታ፣ ቅዳሜ ከሰአት ለሚኒሶታ ስቴት ሃውስ (ለስቴቱ ምክር ቤት) የሚወዳደር ሰውዬ በራችንን አንኳክቶ ወረቀት ሰጠኝ፣ ሀሙስ ማታም ስብሰባ ጠርቷል። "ለገጠር ሰራተኛ ቤተሰቦች" ይላል፣ ሶስት ነገር በቅደም ተከተል ጽፏል፣ አንደኛ ታክስ መቀነስና ዘንድሮ ጃንዋሪ ላይ የጀመረውን የፔይድ ሊቭ ህግ (ለወለደ፣ ለታመመ ወይ ቤተሰብ ለሚያስታምም ሰው እየተከፈለው የሚሰጥ እረፍት) ለትናንሽ ቀጣሪዎች ማንሳት፣ ሁለተኛ የገጠር ሆስፒታል እንዳይዘጋ ማድረግ፣ ሶስተኛ ዴይኬር፣ የህፃናት ማቆያው ማለት ነው። ሰውየው ትሁት ነው፣ ቆሞም አዳምጦኛል፣ ግን እኔ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ፣ ዴይኬሩ ነው አንደኛ መሆን ያለበት።

ለምን እንደምል ልንገራችሁ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ስጋ ፋብሪካ ነን፣ እኔ ቀን እሷ ማታ። እሷ በፈረንጅ 3 ሰአት ላይ ፓንች ማድረግ አለባት፣ እኔ የምወጣው 3 ተኩል ነው፣ ቦቱን አውልቄ ቢላዬን አስረክቤ ፓርኪንግ ስደርስ ለ4 ሩብ ጉዳይ ይሆናል። ልጃችን 14 ወሩ ነው። ያቺን 45 ደቂቃ ማን ይያዘው? ቀደም ብላ ከስራ የምትወጣ አንዲት የሀገራችን ልጅ መኪናዋ ውስጥ ከነካርሲቱ ይዛው ትቀመጣለች። ጃንዋሪ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ መስታወቱ በትንፋሽ ተሸፍኖ እኔ ስደርስ ልጁ ጓንቷን እየጠባ ነበር የማገኘው። እሷም ቤት አላት ልጆች አሏት፣ እስከ መቼ ነው በሰው ደግነት የምንኖረው? እዚህ ከተማ ማታ የሚሰራ ዴይኬር ፈልጌ ያልደወልኩበት የለም።

ሲዲኤል፦
ወንድሜ ልጅህን እግዜር ያሳድግልህ፣ ያልከው ነገር ልብ ይነካል። ግን እኔ ሰውየው ቅደም ተከተሉን አልሳተም ነው የምለው። 4 ትራክ አለኝ፣ አንዱን ራሴ እነዳለሁ ለሌሎቹ ሶስት ሾፌር ቀጥሬያለሁ፣ ሶስቱም የኛው ልጆች ናቸው። አንዱ 12 ሳምንት ልውጣ ቢለኝ ህጉ ቦታውን ጠብቅለት ይለኛል፣ ትራኩ ሲቆም ግን የትራኩ ክፍያ አይቆምም፣ ኢንሹራንሱም አይቆምም፣ ሎዱን (ጭነቱን) ደግሞ ብሮከሩ ለሌላ ይሰጠዋል። ትልቁ ፋብሪካ ሺህ ሰው አለው አንዱን በአንዱ ይተካል፣ እኔ በማን ልተካ?

ሌላው ደግሞ የዴይኬሩ ገንዘብ ከየት ነው የሚመጣው? ከኔና ካንተ ታክስ። ለልጆች ምግብ ተብሎ በኮቪድ ጊዜ በስቴቱ እጅ ካለፈው የፌደራል ገንዘብ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ተዘርፏል ተብሎ 2022 ሴፕቴምበር ላይ ፊዲንግ አወር ፊውቸር የሚባለው ክስ ሲከፈት አይተናል። ከዛ ወዲህ የኛ የስደተኞቹ ስም ከየት እንደመጣን ሳይጠየቅ አብሮ ነው የሚነሳው። ቁጥጥሩ ሳይስተካከል ሌላ ገንዘብ ይጨመር ስትሉኝ እኔ እሰጋለሁ።

የመንታ እናት፦
ሲዲኤል ወንድሜ ስጋትህ ይገባኛል፣ ግን ፔይድ ሊቭን በአንድ ቃል ይነሳ ስትል እኔን ነው የምታነሳኝ። መንታ የወለድኩት 2022 ነው በኦፕሬሽን። ያኔ የነበረው ደሞዝ የሌለው እረፍት ነው፣ የፌደራሉ የቤተሰብና የህመም እረፍት ህግ ኤፍኤምኤልኤ 12 ሳምንት ይሰጣል ግን ደሞዝ የለውም፣ እሱም 50 ሰውና ከዛ በላይ ያለው ቀጣሪ ጋር አንድ አመት ከሰራሽ ነው። ደሞዝ ከሌለ ሬንቱን ማን ይክፈል፣ በስድስተኛው ሳምንት ተመልሼ ስጋ ፋብሪካው ላይን ላይ ቆምኩ። ቁስሉ ገና ነበር፣ ወተቱ ደግሞ ሸሚዜን አልፎ ነጩ ካፖርት ላይ ይታይ ነበር፣ እጄን አጣምሬ እየሸፈንኩ ነበር ብሬክ ሩም የምገባው።

አሁን ሂሳቡን እንስራው። በሰአት 22 ዶላር የምታገኝ ሰው በሳምንት 40 ሰአት 880 ዶላር ነው። የፔይድ ሊቩ መዋጮ በጠቅላላው ከደሞዙ 0.88 ፐርሰንት ነው፣ ቢያንስ ግማሹን ቀጣሪው ይከፍላል፣ ከሰራተኛዋ የሚቆረጠው ቢበዛ በሳምንት 3 ዶላር ከ87 ሳንቲም ነው። ስትወልድ ወይ ስትታመም በሳምንት ወደ 750 ዶላር ይከፈላታል፣ ለህመም እስከ 12 ሳምንት ለቤተሰብ እስከ 12 ሳምንት፣ ሁለቱ ሲደመር በአመት ከ20 አይበልጥም። ለ4 ዶላር የማይሞላ ነገር ብዬ ይሄን የሚያነሳ ሰው አልመርጥም። ደግሞ 30 ሰራተኛና ከዛ በታች ላለው ቀጣሪ ቅናሽ አለው፣ ምትክ ለመቅጠርም እስከ 3,000 ዶላር ድጋፍ መጠየቅ ይችላል፣ አመልክተህ ታውቃለህ?

ሲዲኤል፦
አላመለከትኩም፣ እውነቱን ነው የምነግርሽ። ግን እህቴ በ3,000 ዶላር ሲዲኤል (የትልቅ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው ሾፌር ለ12 ሳምንት ማን ይሰጠኛል? የሁለት ሳምንት ደሞዝ ቢሆን ነው። አንቺ ያለፍሽበትን ማንም እንዲያልፍበት አልፈልግም፣ የእኔም ሚስት ወልዳለች። እኔ የምለው ለትልቁና ለትንሹ አንድ ህግ አይሁን ነው። ካልተነሳ ቢያንስ የምትኩን ገንዘብ ያሳድጉት።

ጋሼ ዩኒየን፦
ልጆቼ ሁላችሁም ደህና ነው የምታወሩት። እኔ ግን ወረቀቱን አንብቡልኝ ብዬ ሁለቴ አስነበብኩ፣ ስለ እጅ አንድም ቃል የለበትም። ላይን ላይ ከ20 አመት በላይ ቆሜያለሁ፣ ዛሬ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጄ ነው የማነሳው፣ ሌሊት ጣቶቼ ተጣጥፈው ያድራሉ፣ ጠዋት ሙቅ ውሀ ውስጥ ነክሬ አንድ በአንድ እዘረጋቸዋለሁ። የአሳማ ላይን በሰአት 1,106 አሳማ ነው ጣሪያው ሲባል የሰማችሁ ሰዎች አላችሁ፣ ያንን ጣሪያ የግብርና መስሪያ ቤቱ ሲያነሳው ፍርድ ቤት ሄዶ 2021 ማርች ላይ ያስመለሰው ማን መሰላችሁ፣ ዩኒየን ነው፣ ሚኒሶታ ባለው የፌደራል ፍርድ ቤት።

ያ የፌደራል ጉዳይ ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ግን ስቴቱ የራሱ አለው። 2007 ላይ የስጋ ፋብሪካ ሰራተኛ መብት ህግ ወጥቷል፣ መብታችሁ በቋንቋችሁ ይነገራችሁ ይላል። 2023 ላይ ደግሞ ተጨመረበት፣ ትልልቅ ስጋ ፋብሪካዎች ሰራተኛው እጁና ወገቡ እንዳይጎዳ ፕሮግራም ይኑራቸው፣ አደገኛ ነው ብሎ ያመነበትን ስራ አልሰራም ያለ አይቀጣ የሚል። ህጉ አለ፣ ተቆጣጣሪው ግን የት አለ? ሰውየው ለዛ ባጀት ይጨምራል ወይ? እኔ የምጠይቀው እሱን ነው። እዚህ ከተማ 2006 ዲሴምበር ላይ ኢሚግሬሽን ፋብሪካው ድረስ ገብቶ ሰው ሲለቅም አይተናል፣ 2020 ኤፕሪል ላይ በኮቪድ ፋብሪካው ሲዘጋ አይተናል። ስንታመም ነው ሰው መሆናችን የሚታወቀው።

ነርስ ነኝ፦
ጋሼ እጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። እኔ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልጨምር፣ ማንም አልነካውም። ሆስፒታል አይዘጋም የሚል ሁሉ ሰው ነው፣ ጥያቄው በምን ገንዘብ ነው። የገጠር ሆስፒታል መጀመሪያ የሚዘጋው ማዋለጃውን ነው፣ ምክንያቱም በወር ጥቂት ሰው ቢወልድም ባይወልድም ሀያ አራት ሰአት ሀኪምና ነርስ መቆም አለበት፣ ከሚወልዱት ደግሞ ብዙዎቹ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የመንግስት ጤና ኢንሹራንስ) ናቸው፣ ሜዲኬይድ የሚከፍለው ወጪውን አይሸፍንም። ከወርዚንግተን ሳውዝ ዳኮታ ያለው ሱፎልስ ከተማ 60 ማይል ያህል ነው፣ በስኖው ምጥ የያዛት ሴት ያንን መንገድ ስትነዳ አስቡት።

አሁን ደግሞ 2025 ጁላይ ላይ በወጣው የፌደራል ህግ ግሪን ካርድ ያልደረሰው ሪፊውጂና አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኘ ሰው ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ከሜዲኬይድ ይወጣል፣ ከ2027 ጀምሮ ደግሞ ብዙ አዋቂዎች በወር 80 ሰአት መስራታቸውን ማሳየት አለባቸው። እዚህ ያሉ ሰዎች ይሰራሉ፣ ችግሩ ወረቀቱ ነው፣ በእንግሊዝኛ የመጣ ደብዳቤ ሳይመለስ ሲቀር ኢንሹራንሱ ይቋረጣል። ስቴቱ ያንን ቀዳዳ ይደፍናል አይደፍንም፣ ደብዳቤውን በአማርኛና በኦሮምኛ ይልካል አይልክም፣ ሰውየውን ይሄን ጠይቁት።

አዲስ መጪ፦
ይቅርታ ሁላችሁም፣ የኛ ዋናው ጉዳይ የመኖሪያ ወረቀት አይደለም እንዴ? ስለ ኢሚግሬሽን ምንም ካላለ ምን ያደርግልናል?

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ የስቴት ሃውስ ግሪን ካርድ አይሰጥም፣ ያ የዋሽንግተኑ ኮንግረስ ነው፣ እሰጣለሁ የሚልህ ካለ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ግን ስቴቱ የሚችለውም አለ፣ ከ2023 ኦክቶበር ጀምሮ ወረቀት የሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፣ ያ የስቴት ህግ ነው። የትምህርት ቤት ነፃ ምሳም የስቴት ነው። በሌላ በኩል ወረቀት ለሌላቸው አዋቂዎች የነበረውን ሚኒሶታኬር የሚባለውን የስቴቱን የጤና ኢንሹራንስ 2025 ላይ ያነሳውም ያው ስቴቱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ምርጫ አይደለም።

ሚኒያፖሊስ፦
ይሄ ሁሉ ከሚሆን ለምን ወደ ከተማ አትመጡም? እዚህ ዴይኬር አለ ሆስፒታል አለ።

የመንታ እናት፦
እዛ የምትከፍለው ሬንት ላይ የዴይኬሩን ስትጨምርበት ከኔ ደሞዝ ምን ይቀራል? እኛ እዚህ ቤት ገዝተናል፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ጓደኛ አላቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑን በእቁብ በመዋጮ ነው ያቆምነው። ሂዱ አትበሉን።

የወርዚንግተን ልጅ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመንታዋ እናት ስለ ፔይድ ሊቭ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ እኔ ለኛ የሚሆን አይመስለኝም ነበር፣ አሁን ይነሳ የሚለውን አልደግፍም። ግን ሊቩ ሲያልቅ የተወለደው ልጅ ገና የጥቂት ወር ነው፣ ከዛ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው ዴይኬሩ አንደኛ ነው የምለው።

ለምን እንደጠፋም ጠይቄያለሁ። በህጉ ዴይኬር ውስጥ አንድ አስተማሪ ከ4 ህፃን በላይ አትይዝም፣ ይሄ ለደህንነት ነው ትክክል ነው። ግን አራት ወላጅ የሚከፍለው ተደምሮ የሷን ደሞዝ፣ የቤቱን ሬንትና ኢንሹራንሱን ካልሸፈነ ማን ይከፍታል? ማታ ደግሞ የሚመጣው ህፃን ሁለት ሶስት ነው፣ ሂሳቡ ጭራሽ አይወጣም። ስቴቱ ግሬት ስታርት በሚለው ፕሮግራም ለዴይኬሮች ለሰራተኛ ደሞዝ ማሟያ በየወሩ ይከፍላል። ሰውየው በዛ ላይ በፈረንጅ ከማታ 6 ሰአት በኋላ ለሚሰራ የበለጠ ይከፈል ብሎ ህግ ቢያቀርብ እኔ ድምፄ የሱ ነው። ሲዲኤል፣ ቁጥጥሩ ያልከው ላይ አልከራከርህም፣ የልጆቹ መግቢያና መውጫ በደንብ ይመዝገብ፣ ድንገት መጥተው ይቁጠሩ። የሚሰርቅ ሰው እኮ መጀመሪያ የሚሰርቀው ከኔ ልጅ ነው።

ሲዲኤል፦
እንደዛ ከሆነ እስማማለሁ፣ ቆጠራው ካለ። ታክሱን ግን አልተውኩትም፣ በስብሰባው ላይ እኔም እጄን አወጣለሁ።

ጋሼ ዩኒየን፦
እጅ ማውጣቱ ጥሩ ነው፣ ካርድ መጣሉ ይበልጣል። የዚህ ከተማ ትምህርት ቤት ልጆቹ በዝተው ኮሪደር ላይ ሲማሩ የህንፃው ገንዘብ ስንት ጊዜ ለድምፅ ቀርቦ ወደቀ፣ አምስት ጊዜ ወድቆ በስድስተኛው 2019 ኖቬምበር ላይ በጣም ጥቂት በሆነ ልዩነት አለፈ። ከ2024 ምርጫ በኋላ የስቴቱ ሃውስ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል 67 ለ67 እኩል ነበር የተከፈለው፣ አንድ ወንበር ሁሉንም ይለውጣል። ሲቲዝን የሆናችሁ ኖቬምበር 3 ውጡ፣ ያልተመዘገበ እዛው በእለቱ ይመዘገባል። አሰሪ ለድምፅ ከስራ የምትወጡበትን ሰአት ከደሞዝ አይቆርጥም፣ የስቴቱ ህግ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው የሚረዳው ይዞ መግባት ይችላል፣ እኔን ከፈለጋችሁ ደውሉልኝ።

የመንታ እናት፦
ስብሰባው ሀሙስ ማታ በፈረንጅ 6 ሰአት ላይብረሪ ነው ይላል ወረቀቱ። በ6 ሰአት የማታ ሺፍት በሙሉ ላይን ላይ ነው፣ ዴይኬር የቸገረን ሰዎች አንድም አንገኝም። የወርዚንግተን ልጅ፣ ስልኩ ካለህ ነገ ጠዋት ደውልለትና ሰአቱን በፈረንጅ ወደ ከሰአት 1 ሰአት ያምጣው፣ ካልሆነም ሁለቴ ያድርገው። ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ።