ልጄ ለአይሁዳዊ ጓደኛው ብሎ ተጣልቶ ተቀጣ፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ የናቲ እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ወር ልብሱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ብዙ ፔኒ አገኘሁ። ቆጠርኩት፣ 43 ነው። ካርድ እንጂ ሳንቲም ይዞ የማያውቅ ልጅ ነው። "ከየት አመጣኸው?" ስለው ዝም አለ። ማታ ላይ ነው ቀስ እያለ የነገረኝ።

ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ የማይለየው ጓደኛ አለው። ልጁ አይሁዳዊ ነው። እኛ ቤት መጥቶ በልቶ ያውቃል፣ ድፎ ዳቦ ነፍሱ ነው። ዘንድሮ ሦስት አራት ልጆች ተያያዙትና ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ከእግሩ ሥር ፔኒ እየበተኑ "ልቀም" ይሉታል። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። ሳንቲም መወርወር ምኑ ነው ስድቡ? ልጄ ነው ያስረዳኝ። አይሁድ ገንዘብ አምላኪ ነው የሚል የቆየ ስም ማጥፋት አለ፣ ከዚያ የመጣ ነው። እና ጓደኛው እንዳያጎነብስ ብሎ ናቲ ራሱ እየለቀመ ኪሱ ይከታል። ያ ነው እኔ ያገኘሁት።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ዴስኩ ላይ የናዚዎችን ምልክት ስዋስቲካ ሣሉበት። ሲያልፍ በጥርሳቸው "ስስስስ" ይላሉ፣ ናዚዎች አይሁዶችን የፈጁበት የጋዝ ድምፅ መሆኑ ነው። ባለፈው ሐሙስ ካፍቴሪያ ውስጥ አንዱ እንደዚያ ሲል ናቲ ገፈተረው፣ ልጁ ወንበር ላይ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም። የእኔ ልጅ ለአንድ ቀን ታገደ። ያኛው "ቀልድ ነው" ብሎ ተመክሮ ተለቀቀ።

አሁን የጨነቀኝ ይሄ ነው። ጓደኛው ለማንም እንዳትናገር ብሎ አስምሎታል፣ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ስለ ሳንቲሙ ምንም አያውቅም። ባሌ ደግሞ "በሰው ጠብ ምን ጥልቅ አደረገው? እኛ እዚህ አገር እንግዳ ነን" ይላል። የጥገኝነት ጉዳያችን ገና አላለቀም። እንግሊዝኛዬም ስናደድ ጥሎኝ ይጠፋል። ልጄን "ተው" ልለው አልፈልግም። በየሳምንቱ እንዲደባደብም አልፈልግም። የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ሸዋዬ

እህቴ ይቅር በይኝና ባልሽ እውነቱን ነው። ልጁ እናትና አባት አለው፣ ይከራከሩለት። ያንቺ ልጅ ሪከርድ ከተበላሸ ማን ይደርስልሻል? ደግሞ ነገሩ ከጋዛ ጋር የተያያዘ እንዳይሆን፣ ፖለቲካ ውስጥ አትግቡ።

መልስ፦ 12ኛ ክፍል ነኝ

አማርኛዬ ላይ አትሳቁ፣ የመጣሁት በ5 ዓመቴ ነው። ሸዋዬ፣ እኔ ስለ ጋዛ ሰልፍ ወጥቻለሁ፣ ፖስተርም ይዣለሁ። ከአይሁድ ልጆች ጋር ተከራክረንም እናውቃለን። ያ ክርክር ነው። አንድን ልጅ የጋዝ ድምፅ እያሰሙ መከተል ግን ስለ ማንም አገር አይደለም። 6 ሚሊዮን ሰው ያለቀበት ነገር ላይ መሳቅ ነው።

ለናቲ ልንገረው፣ እኔም ተመሳሳይ ነገር ውስጥ ነበርኩ። መግፈተር አይሠራም። እነሱ የሚፈልጉት እሱን ነው፣ ቪዲዮ ይቀርጹሃል፣ ከዚያ ጥፋተኛው አንተ ነህ። እኔ የተማርኩት ዘዴ ቀላል ነው። እነሱን አለማየት። ጓደኛዬን ብቻ አያለሁ፣ "ና እንሂድ፣ ረፈደ" ብዬ ይዤው እሄዳለሁ። መናገር ካስፈለገ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ድምፅ ሳልጨምር፦ "ይሄ አያስቅም።" ቆሞ መከራከር የለም። ሌላው ደግሞ ብቻህን አትሁን። እኛ ሦስት ሆነን ከእያንዳንዱ ክፍል በር እንቀበለው ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰለቻቸው።

አንድ ነገር ደግሞ። ስናፕቻት ላይ የሚልኩት ነገር ካለ ስክሪንሾት አታድርግ፣ ለላኪው ይነግረዋል። በሌላ ስልክ ፎቶ አንሳው።

መልስ፦ ትርሐስ፣ የትምህርት ቤት ካውንስለር

የምሠራው ሌላ ካውንቲ ነው፤ አሠራሩ ግን ይመሳሰላል። ከላይ ያለው ወጣት የተናገረውን እኛ ለማስተማር ስንት ሰዓት እንፈጃለን! ካናዳ ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ግቢ ውስጥ በካሜራ ተከታትለው፣ እኩያ ሲገባበት ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ትንኮሳው በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሞ አግኝተውታል። ሃይስኩል ትንሽ ይከብዳል፤ ተመልካች ሲጠፋባቸው መቀዝቀዛቸው ግን ያው ነው።

አሁን ስለ መሐላው። የናቲ እናት፣ ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። ልጁን ከጀርባው ዞራችሁ ብትከሱለት ለእሱ ሁለተኛ ውርደት ነው። ዝም ብትሉም ይቀጥላል። ናቲ ፊት ለፊት ይንገረው፦ "ሳልነግርህ ምንም አላደርግም፣ ግን ዝም ብዬም አልኖርም። ለማን እንንገር? አንተ ምረጥ።" ምርጫው የልጁ ይሁን። ለእናቱ ይሁን፣ ለሚወደው መምህር ይሁን፣ አብረው ይሁን። ብዙ ልጆች የሚፈሩት ክሱን ሳይሆን ነገሩ ከእጃቸው መውጣቱን ነው። ጓደኛው ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ወይም ከባድ ዛቻ ካለ ግን መሐላ የሚባል ነገር የለም፣ ያኑ ቀን ለአዋቂ ይነገራል።

ከዚያ መጻፍ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ምን አለ፣ ማን አየ። "ሁልጊዜ ይሰድቡታል" የሚል ወረቀት የትም አይደርስም። "ማክሰኞ ከ3ኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ ደረጃው አጠገብ፣ ፔኒ በተኑ፣ 'ልቀም' አሉት" የሚል ወረቀት ይደርሳል። ስዋስቲካው ሳይጠፋ ፎቶ አንሡት። ሜሪላንድ ለዚህ የተዘጋጀ የማመልከቻ ቅጽ አላት። ተማሪውም ወላጅም መሙላት ይችላል። ካውንቲያችሁ ብዙ ቅጾቹን በአማርኛም ያወጣል፣ ጠይቂ። በስልክ ብቻ አትናገሪ፣ በኢሜይል ለምክትል ርዕሰ መምህሩና ለካውንስለሩ አብረሽ ላኪ። ስም ሳይገልጹ መጠቆም ለፈለገ ሴፍ ስኩልስ ሜሪላንድ የሚባል 24 ሰዓት የሚሠራ መስመርም አለ።

ሌላም አለ። ለስብሰባ ስትሄጂ ልጅሽን አስተርጓሚ እንዳታደርጊው። በራሱ ጉዳይ እንዴት ያስተረጉማል? አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ በነፃ። ቀድመሽ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በይ፣ አለቀ።

መልስ፦ የጠበቃ ረዳት

ጠበቃ አይደለሁም፣ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው። አጭር ላድርገው። ታይትል ሲክስ የሚባለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሁሉ በዘር፣ በቀለም፣ በትውልድ አገር የሚደርስ ትንኮሳን ዝም ብሎ እንዳያይ ያስገድዳል። ሃይማኖት የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ግን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይሁዶች በጋራ የዘር ሐረጋቸው ምክንያት ከተነኩ ሕጉ ይሸፍናቸዋል ይላል። ሳንቲሙም ጋዙም እዚያ ውስጥ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ካልሰማ ለሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ ማመልከት ይቻላል፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ። ለዚህ ነው ቀኑን ጻፉ የሚባለው። ለሌላው ብሎ የተናገረውን ልጅ መበቀልም ክልክል ነው፣ ናቲም ጥበቃ አለው ማለት ነው።

ለባለቤትሽ ደግሞ፦ አቤቱታ ማቅረብ ወንጀል አይደለም። ድብድብ ግን ፖሊስ ከገባበት ሌላ ነገር ነው። ስለ አንድ ቀኑ እገዳ የጥገኝነት ጠበቃችሁን አሁኑኑ ጠይቁት፣ በወሬ አትመሩ።

መልስ፦ ጋሽ መምህር

ልጄ፣ ለባልሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። እኔ አገር ቤት ታሪክ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1937 እ.ኤ.አ. ጣልያን ከሐበሻ ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል አዋጅ አወጣ፣ የኖረ ይታሰር ነበር። በዓመቱ፣ በ1938፣ እዚያው ጣልያን አገር አይሁድ ልጆችን ከትምህርት ቤት አስወጣ። እኛ ላይ የጀመረውን ነው እነሱ ላይ የቀጠለው። "የሰው ጠብ" የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ እንደገና ያስበው።

መልስ፦ የወለቃዋ (ነታንያ፣ እስራኤል)

ይሄን ጥያቄ ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ነው የተወለድኩት፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። የ43 ፔኒውን ነገር እኔ በአንድ እፍኝ ቆሎ ነው የማውቀው።

ትምህርት ቤት ልጆች "ቡዳ" ይሉን ነበር። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ። እና በእረፍት ሰዓት ቆሎ ሲበሉ እኔ ከመጣሁ በነጠላቸው ይሸፍኑታል፣ እንዳላየው። 3ኛ ክፍል ስንሆን አንዲት የቄስ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ተነሥታ መጣችና ሁሉም እያያት ቆሎዋን እጄ ላይ ዘገነችልኝ። ከዚያ ከእጄ ላይ መልሳ እያነሣች በላች። ማንንም አልተሳደበችም። ምንም አልተናገረችም። ቤቷ ተቆጥተዋት ይሆናል፣ አላውቅም። በማግስቱ ግን እንደገና መጣች።

በግንቦት 1983 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል መጣን፣ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል። አገራችን ገባን ብለን። እዚህ ትምህርት ቤት ስገባ ደግሞ "ኩሺ" አሉኝ፣ በቀለሜ። ጎንደር አይሁድ ሆኜ ተሰደብኩ፣ አይሁድ አገር ጥቁር ሆኜ። ልዩነቱ፣ እዚህ በመጀመሪያው ዓመት ቆሎዋን ይዛ የምትመጣ ልጅ አልነበረችም። የትኛው ዓመት እንደከበደኝ ልትጠይቂኝ አያስፈልግም።

ሸዋዬ፣ አልቀየምሽም። እናት ነሽ፣ ለልጅ መፍራት አውቃለሁ። ናቲ ግን መግፈተሩን ይተው እንጂ ሳንቲሙን መልቀሙን አይተው። ያ ልጅ ሽማግሌ ሆኖም አይረሳውም።

የናቲ እናት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ናቲ ካውንስለሯ እንዳለችው ፊት ለፊት ነገረው። ልጁ ሁለት ቀን አኮረፈው። እኔም "አበላሸነው" ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ለእናቱ ተናገረ። እናቱ ደወለችልኝ። እሷ ስታለቅስ እኔም ሳለቅስ እንግሊዝኛውን ማንም አልፈለገው። ሳንቲሙንም ስዋስቲካውንም አታውቅም ነበር። የምታውቀው ሆድ ቁርጠት እያለ ትምህርት ቤት መቅረት መጀመሩን ብቻ ነው።

አብረን ሄድን። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፣ ጎበዝ ልጅ። ናቲ ቀኖቹን በሙሉ ጽፎ ነበር። እኔ ደግሞ 43ቱን ፔኒ በፕላስቲክ አድርጌ ይዤ ነበርና ምክትሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። "ይሄ ምንድን ነው?" አለ። ናቲ ነገረው። ሰውዬው ፕላስቲኩን አነሣው፣ መዘነው፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ "ቀልድ" የሚል ቃል አልሰማሁም። ምርመራ ተጀምሯል፣ ከሚተናኮሉት ልጆች ሁለቱ ከእነናቲ ክፍል ተቀይረዋል። እገዳው ከሪከርዱ ይውጣ ብለን አመልክተናል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። ናቲም መግፈተሩ ስህተት መሆኑን ጽፎ ፈርሟል፣ እየተነጫነጨ። ጠበቃችንም ደውለንለት አረጋግቶናል።

አሁን ልጁንና እናቱን እራት ልጋብዝ ፈልጌያለሁ። ዓርብ ማታ ብል ምን ይመስላችኋል? ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤቴ አይገባም፣ ሽሮና ምስር ነው፣ ለእነሱም ይመቻል ብዬ ነው።

መልስ፦ የወለቃዋ

ሐሳብሽ ሸጋ ነው፣ ቀኑን ግን ቀይሪው። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፣ ቤታቸው ይሆናሉ። ረቡዕ አድርጊው፣ እሱም ጾማችሁ አይደል? ልጁ እናንተ ቤት ይበላል ማለት እናቱ ትበላለች ማለት አይደለም፣ ኮሸር፣ የአይሁድን የምግብ ሕግ፣ ትጠብቅ እንደሆነ ጠይቂያት። ከጠበቀች ዕቃውም ምድጃውም ጉዳይ አለው። መጠየቁ አያሳፍርም፣ ደስ ይላታል።

የናቲ እናት

ጠየቅኳት። ምድጃዬን አልፈራችውም፣ ሳህን ላይ ግን ትጠነቀቃለች። ረቡዕ ተባብለናል። ይሄን ባሌ ሲሰማ ምንም አላለም። ማታ ከሥራ ሲመለስ ግን የወረቀት ሳህን ገዝቶ መጣ፣ 200 ፍሬ። አራት ሰው ነን የምንበላው።