ቦርደር ኮሊ ቡችላ ተረከዝ ይነክሳል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የ5 ወር ቦርደር ኮሊ (የበግ እረኛ ውሻ) ነው። ልጆች ሲሮጡ ተረከዛቸውን ይነክሳል፤ ብስክሌት ሲያይ መሬት ላይ ተለጥፎ ያደባል። ክፉ ሊሆን ነው? ደግሞስ በሙቀት ጊዜ ፀጉሩን ብላጨው ይጎዳዋል?

መልስ 1፦ ክፋት አይደለም፣ ሥራው ነው። ዝርያው የወጣው ከእንግሊዝና ስኮትላንድ ድንበር በግ አርቢዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 የተወለደው ኦልድ ሄምፕ የተባለ ውሻ የዝርያው ዋና አባት ይባላል። መንጋውን የሚነዳው በጩኸት ሳይሆን አንገቱን ዝቅ አድርጎ በማፍጠጥ ነው። በግ ሲያጣ ልጅና ጎማ ይነዳል።

ልጆች ባሉበት ረጅም ገመድ ይታሰርለት። አንገቱ ዝቅ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ሲል፣ ገና ሳይሮጥ ይጥሩት፤ ዞር ካለ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ ይስጡት። ከሮጠ በኋላ መጥራት ዋጋ የለውም፤ ማሳደዱ ራሱ ሽልማቱ ነው። በቀን 3 ጊዜ፣ 5 ደቂቃ ይበቃል። ኳስ ደጋግሞ መወርወርን ግን አልወደውም፣ አባዜውን ያባብሳል።

መልስ 2፦ መላጨት የለም! ፀጉሩ ድርብ ነው፤ የላይኛው ፀሐይና ዝናብ ይከላከላል። ሲላጭ የውስጡ ለስላሳ ቀድሞ ያድግና ይጠላለፋል። በሳምንት 2 ጊዜ ያበጥሩት፣ በተለይ ከጆሮ ጀርባና ብብቱ ሥር፤ የሚቋጠረው እዚያ ነው።

መልስ 3፦ ስለ መድኃኒትም ልጨምር። ኤምዲአር1 የተባለው የዘረመል ጉድለት በሌሎቹ ኮሊዎች ይበዛል፤ በቦርደር ኮሊ ጥቂት ቢሆንም አለ። ጉድለቱ ካለበት አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት ወደ አንጎል ዘልቆ ያንገዳግደዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ለከብት የተዘጋጀውን በግምት ቀንሶ መስጠት አይሞከርም።

ጠያቂ፦ መላጫው ተመልሷል።