ኒምፏ (የነፍሳት ዕጭ የምትመስለው መንጠቆዬ) ወይ ድንጋይ ትይዛለች ወይ ወራጅ ይወስዳታል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ የምታውቁ፣ በተለይ ዴንቨር አካባቢ ያላችሁ፣ እባካችሁ ተባበሩኝ። የማጠምደው ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ፣ ዴከርስ አጠገብ ነው። ውሃው ከላይ ከቺዝማን ግድብ ስለሚለቀቅ ጥርት ያለ ነው። ዓሣዎቹ ከታች ሆነው ሲበሉ በዓይኔ አያቸዋለሁ። አፋቸው ነጭ ብሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የኔን ግን ዞር ብለው አያዩም!

የያዝኩት ፌዛንት ቴይል የሚባል፣ የመንጠቆ መጠኑ ቁጥር 18 የሆነ ኒምፍ ነው፤ ራሱ ላይ የተንግስተን ዶቃ አለው። ተንሳፋፊውን ምልክት ያሰርኩት የውሃውን ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ከፍ አድርጌ ነው። ከኒምፏ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ትንሽ የእርሳስ ፍሬ አለ። እርሳስ ስጨምር ድንጋይ ስር ትሰነቀርና ክሩ ይበጠሳል። ስቀንስ ደግሞ ታች ሳትደርስ ወራጁ ይዟት ይሄዳል። ኒምፍ እንደሆነ ርካሽ አይደለም።

ክብደቱን ከመነካካት ክሩን ማቅጠን ይሻላል? አሁን 4ኤክስ ነው (የውፍረት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል)፤ ወደ 6ኤክስ ልውረድ? ቀጭን ክር ቶሎ ይሰምጣል ይባላል፣ ግን ትልቅ ዓሣ ቢይዝ ይችለዋል? ሌላው፣ ምልክቱ ቆም ሲል ድንጋይ ይሁን ዓሣ በምን ትለያላችሁ? እኔ ሁሉንም ሳብ አደርጋለሁ፤ ክንዴ አለቀ። "ትዕግስት ነው" የምትሉኝ ግን ይቅርባችሁ፣ እሱን ባለቤቴም ብላኛለች።