ታብሌት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጅማዎች! ግቢ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ፒዲኤፍ በስልክ እያነበብኩ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ታብሌት ያዋጣል ወይስ ጠብቄ ያገለገለ ላፕቶፕ ልግዛ?

መልስ፦ ለማንበብ ከሆነ ግዛ፣ 10 ኢንች ላይ ገጹን ሳታጎላ ታነባለህ። አሳይመንት የምትጽፍበት ከሆነ ግን እርሳው ወንድሜ፣ ኪቦርዱን ለብቻው ትገዛለህ፣ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ዳታ መተንተኛው ሶፍትዌር) ደግሞ አንድሮይድ ላይ አይጫንም።

መልስ፦ መብራት ሲጠፋስ? ያረጀ ላፕቶፕ ባትሪው ወዲያው ነው ቀጥ የሚለው። ብቻ ሲም የሚቀበለውን ውሰድ፣ ዋይፋይ ብቻ ከሆነ ከግቢ ስትወጣ በስልክህ ሆትስፖት መኖር ነው።

መልስ፦ መርካቶ ከገዛህ ካርቶኑን አትመን። ሴቲንግ ገብተህ ራሙንና ስቶሬጁን እይ፣ እዛው ሻጩ ፊት ከባድ ፒዲኤፍ ክፈትበት። ከተንቀራፈፈ ጥለኸው ውጣ።

ጠያቂ፦ ኤስፒኤስኤስ የሚመጣው በቀጣዩ ሴሚስተር ነው 😅 በቃ ላፕቶፕ።